አመዛዛኙ ታካሚ

አንተ ቀልደኛ፣ ደህና ነህልኝ? እዚህ ጉባኤ የመጣሁት «ታካሚ የሕክምናን ጥቅም ከዋጋው ጋር አመዛዝኖ ይመርጣል» ብዬ ንግግር ላደርግ ነበር። ትናንት ግን መንጋጋዬ ቢጠዘጥዘኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ጉጠቷን አንስታ «መሙላትም ይቻላል፤ ልንቀለው?» አለችኝ። ማመዛዘን ሳልጀምር ጉጠቱን አየሁና በድንጋጤ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። «እሺ» ያልኳት መስሏት ነቀለችው! የሰፈራችን ሐኪም ቢሆንማ ወሬውን እስኪጨርስ ሕመሙ ራሱ ይተወኝ ነበር። ዛሬ ባበጠ ጉንጭ ስናገር «ይመርጣል» ያልኩት ሁሉ «ይመልጣል» እየሆነ አዳራሹ አውካካ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። «ኢኮኖሚክስ ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው» ስል ትስቅብኝ አልነበር? ማስረጃው በጥጥ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነው።