ባሎቹ የመጡ ሰሞን

ጥቅምት 6
ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። አንገቴ ደርቋል። ደስ የሚል ድካም ግን...
ከሴት ብልት የተወሰደ ናሙና ነው የማየው። በጤነኛው ላይ ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች እንደ ዱላ ቀጥ ቀጥ ብለዋል። በታመመው ላይ እነሱ ጠፍተው ሌሎቹ እንደ አሸዋ ተነስንሰው ወርሰውታል። በሽታው በመድኃኒት ይጠፋል። ደግሞ ይመለሳል። ከየት? ከባል ይሆን? ጥናታችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በግማሹ ቤት ሚስት ብቻ ትታከማለች፣ በግማሹ ባልም አብሮ።
ሴቶቹ መጥተዋል። ባሎቹ ግን ወፍ የለም። አለቃዬ ሐኪሟ፣ "እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልመጡ ጥናቱ ይዘጋል" አለች።

ጥቅምት 9
ዛሬ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አክስቴን። ያሳደገችኝን እቴቴን። በነጠላዋ ተከናንባ ምሰሶ ጀርባ ተሸጎጠች። እኔም አላየሁም ብዬ መጋዘን ገባሁ። ሁለታችንም ተደብቀን ስንት ደቂቃ እንደቆምን እንጃ...

ጥቅምት 10
እቴቴ ቤቴ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።
"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"
"ሥራዬ ነው እኮ።"
"ባክቴሪያ አላልሽኝም?"
"ባክቴሪያ ነዋ።"
"የት ያለ ባክቴሪያ እንደሆነ አልነገርሽኝማ።"
አልጋው ላይ ወድቀን ሳቅን። ሆዴን እስኪያመኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ፈሳሹ፣ ጠረኑ... ለዓመታት እየሄደ እየመጣ። ሰው መሀል መቀመጥ ትታለች። "በሳሙና ታጥቤ ታጥቤ ቆዳዬ አለቀ። ቆሻሻ ነኝ ብዬ ደመደምኩ፣ ልጄ።"
ቆሻሻ አይደለሽም አልኳት። ውስጥን በሳሙና ማጠብ ጥሩዎቹን ነው የሚያባርራቸው። ደጋግማ አስነገረችኝ። እንደ ምርቃት።
"ጋሼስ ያውቃል?" አልኳት ስለ ባሏ።
"ከጎኑ መተኛት ከተውኩ ቆየሁ። ጠላችኝ ብሎ ይሆናል።"

ጥቅምት 14
እቴቴ ጥናቱ ውስጥ ገባች። ዘመድ ስለሆንኩ የሷን ጉዳይ ነርሷ ይዛዋለች፣ እኔ አልነካም። የዕጣውን ውጤት ግን ከራሷ ከእቴቴ አፍ ሰማሁ፤ ባልም የሚታከምበት ምድብ ደርሷታል።
"ማን ይንገረው?" አለች።
"አንቺ።"
"እሱን ከምነግረው ጣራ ላይ ወጥቼ ብጮህ ይቀለኛል።"

ጥቅምት 17
ነገረችው።
ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሥራ ቦታው ወሬ የሚያዘንብ፣ ቤቱ ሲገባ ዝም የሚል። ሰምቷት ሲያበቃ፣ "ጠልተሽኝ አይደለማ?" አላት። "አይደለም።" "በቃ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።"
ዛሬ ጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ክሊኒክ መጣ። ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ክኒኑን ተቀበለ። ቅባቱን አገላብጦ አየው።
"ይኼ... እዚያ ነው የሚቀባው?" አላት ነርሷን።
"እዚያ።"
"ጠዋትና ማታ?"
"ጠዋትና ማታ።"
እያፏጨ ወጣ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፣ በር ላይ አስቁሞ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ስስቅ...

ጥቅምት 28
ባሎች መምጣት ጀመሩ። አንድ፣ ደግሞ ሁለት። ሁሉም ፀጉራቸው የተከረከመ፣ አገጫቸው የሚያበራ። ሐኪሟ ገርሟት፣ "ጥናታችን ምን ነካው፣ ሰዉ ሁሉ አምሮ የሚመጣው?" አለች።
ገባኝ። ከሥራ መልስ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አንዱን ሰውዬ አረፋ ቀብቶ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ፣ "ሚስትህ ደጋግማ የምትታመመው አንተም ስላልታከምክ ቢሆንስ? ሄደህ ጠይቅ እንጂ" ይላል። ሰውየው ራሱን መነቅነቅም አልቻለም። በዓይኑ ብቻ እሺ አለ።
ለሐኪሟ ነገርኳት። ሳቀች፣ ወዲያው ኮስተር አለች። "ምላጭ ሥር የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ተላጭተው፣ ተነስተው፣ ፊታቸውን ከጠረጉ በኋላ ይንገራቸው።" እኛ ጋ ሲደርሱም ከመጀመሪያው እናስረዳቸዋለን። እምቢ ያለ ይሄዳል።

ኅዳር 3
ጋሼ ደንቡን ተቀብሏል። አሁን ሒሳብ ሲከፍሉ ነው የሚነግራቸው። የሚገርመው... በዙ እንጂ አልቀነሱም። አንዱ ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጣ። ለካ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። እኛም የጥሪ ደብዳቤ በሚስቶቻቸው እጅ ልከን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር።

ኅዳር 26
የባሎቹ ቁጥር ሞላ። ጮቤ ረገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ። የጽዳት ሠራተኛዋ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራኝ ረገጠች።

መጋቢት 20
ውጤቱ ወጣ።
ሚስት ብቻ ከታከመችባቸው ቤቶች ከግማሽ በላይ ተመልሶባቸዋል። ባል አብሮ ከታከመባቸው... ጥቂት። በጣም ጥቂት። ሠንጠረዡን አገላበጥኩት፣ ተሳስቼ ይሆን ብዬ። ሐኪሟም ለብቻዋ ሠርታው ያው ሆነ። ወዲያው ስልክ አነሳች። ያልታከሙትን ባሎችም ከነገ ጀምሮ ለሕክምና እንጠራቸዋለን።
እቴቴስ? ተመርምራ ንጹሕ መባሏን ነግራኛለች። እየሮጥኩ የጥናቱን ውጤት ላበስራት ሄድኩ። መጀመሪያ ጋሼ ፀጉር ቤት ጎራ አልኩ። በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ ተዘግቷል። ታመመ እንዴ? ቤታቸውን አንኳኳሁ።
"ማነው?" የእቴቴ ድምፅ።
"እኔ ነኝ።"
የታፈነ ሳቅ። የአንድ ሰው አይደለም።
"ልጄ" አለ ጋሼ ከውስጥ፣ "ነገ ነይ።"
ከበሩ ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ ብቻዬን እየሳቅኩ... ሰው ምን ብሎኝ ይሆን?