ፀሐይ ላይ የተዘረጋው ፊልም

ድንቄ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። ቁልፉን ጎረቤታችን ሩቂያ ጋ ትቼልሻለሁ።

ጠዋት የታጠቁ ሰዎች ከመካነ ሰላም መጥተው የቀረጽኩትን ፊልም አምጪ አሉኝ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኋቸውም።
አንቺንም አልጠይቅሽም።

ድርሰቴ ባለፈው ዓመት ረሃብ ልጇ ስለሞተባት እናት ነበር። እናቲቱን የተወኑልኝ እማማ ይርገዱ “ልጄ በቁሙ እያለ ላልቅስበት? ሟርት እኮ ነው!” ቢሉኝም ለምኜ ለምኜ አስጮህኳቸው። ትወና መሆኑን ለአገሩ ሰው አለመንገሬ ነው ጥፋቴ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ፤ እኔ ደግሞ እንዴት ያምራል እያልኩ መቅረጼን ቀጠልኩ። ከመሀላቸው፣ መሬት ከተወረሰባቸው ባላባቶች ጋር ሸፍቷል ተብሎ የሚፈለገው የእማማ ይርገዱ ልጅ ሞላ ነበር። ጩኸቱ ከቤታቸው ስለተሰማ እናቴ ሞተች ብሎ ከተደበቀበት ወጥቶ። ፊቱ ቁልጭ ብሎ ተቀርጿል።

ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ ምስሉ ይጠፋልና፣ ከጣሳው አውጥቼ ጓሮ ፀሐይ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ሲመለሱ ተበላሽቷል በያቸው።
ሞላ መምጣቱን ግን ሰምተዋል።

ሽሽ ልለው እየሄድኩ ነው። ከዳገቱ በኩል ጩኸት ከሰማሽ የእኔ የእንቁ ትወና ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ።

ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነዪ።