በምስሉ ላይ የሌለው መቃብር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መቃብሮቹ በአምናው የሳተላይት ምስል ላይ የሉም። አጉልቼ አየሁ፤ አሁንም የሉም። አምና በዚህ ወቅት የማሽላ ማሳ ዳር፣ ሣርና የክትክታ ቁጥቋጦ። ዘንድሮ እዚያው ቦታ ሰባት የድንጋይ ክምር፣ በአንድ መስመር። ከአንድ ትንሽ መንደር ባንድ ዓመት ሰባት ሰው? በሽታ ገብቶ ቢሆን ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ይነግረኝ ነበር። ምሳ የበላሁበት ቤት ጠየቅሁ። ማንም አልሰማም።

ሥራው ሲደክመኝ ዓላማው ይጠፋብኛል፤ ስለዚህ ለራሴ ልጻፈው። ገና ያልተሠራ የባቡር ሐዲድ በሁለቱ ሐይቆች፣ በአርዲቦና በሐይቅ መካከል አልፎ ወደ አምባሰል ግርጌ እንዲሄድ ታስቧል። እኔ ምን እንደሚነካ በካርታ ሶፍትዌር አያለሁ። ውሃው አንድ ሌየር ነው፣ ቤቱ አንድ፣ እርሻው አንድ፣ መቃብሩ አንድ። እንደ ስስ ነጠላ አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ። ሶፍትዌሩ መቃብር ሲያገኝ መስመሩን ያርቃል። እነዚህ ሰባቱ መስመሩን ከላይኛው መንደር ገፍተው ቁልቁል ረግረጉ ላይ ይጥሉታል።

ረግረጉ ከአርዲቦ የሚወርደው ውሃ ደለሉን የሚያራግፍበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ አፈር ከተቆለለ ደለሉ ማረፊያ የለውም፤ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

ብሩክ ከአዲስ አበባ ደወለ። አለቃዬ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። “መቃብር ከሆነ መቃብር ብለሽ ዓርብ ላኪልኝ” አለ። ታችኛው መስመር ለእሱም ይቀለዋል። ቤት አይነካም፣ ካሳ የለውም። ረግረግ አቤት አይልም።

ነገ ሄጄ በዓይኔ ልያቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ። የሐይቁ ጉም ገና አልተነሣም ነበር። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ብቻ ከጉሙ በላይ አናታቸው ይታያል፣ ግንድ እንደሌላቸው ሆነው።

ጋሽ ሰይድ የላይኛው መንደር ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ወር ከተዋወቅን ጀምሮ ስሜን ትተው “የባቡሯ ልጅ” ይሉኛል።

“መጣሽ? ባቡሩንስ የት ጣልሽው?”

“ዳገቱ ላይ ቀረ፤ ደከመው።”

ሳቁ። መቃብሮቹን ለማየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቁ እዚያው ቆመ። ግን መሩኝ።

ክምሮቹ በደንብ ተሠርተዋል። ራስጌና ግርጌ ድንጋይ ቆሟል። መስመራቸው ግን ደስ አላለኝም፤ ችግኝ የተተከለ ነው የሚመስለው። ሞት እንዲህ በመስመር አይመጣም። በየክምሩ ቆሜ በጂፒኤስ ነጥብ ወሰድኩ። ስምንት ሆነ።

“ስምንት ናቸው” አልኩ።

“ሰባት” አሉ፣ ቶሎ ብለው።

በእጄ አሳየኋቸው። ስምንተኛው ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ ከክትክታው ሥር ነው። የሕፃን መቃብር ያህላል። ከሰማይ ቅጠሉ ሸፍኖት ይሆናል። አፈሩ ገና አልጠነከረም።

ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ይህን ክምር ከዚያ በፊት አላዩትም።

“የማን ነው፣ ጋሽ ሰይድ?”

“አዑዙ ቢላሂ” አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ “እንውረድ።”

ፈጥነው ቀድመውኝ ወረዱ። መስጊዱ ጋ ስንደርስ ብቻ ዞር ብለው አዩ፤ የተከተለን ሰው ያለ ይመስል። እኔም ዞርኩ። ማሽላው ቆሟል፣ ነፋስ የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀኑን ሙሉ ከስክሪኑ ጋር። የማውቀው፦

አምና አልነበሩም።

መንደሩ ሰባት ሰው አልቀበረም።

ሽማግሌው ሰባቱን ያውቋቸዋል፤ ስምንተኛውን አያውቁትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ጨመርኩ። ደሴ ያደግሁት መስጊድ አጠገብ ነው። አባቴ ክርስቲያን ነው፤ ግን የጎረቤት ቀብር አይቀርም ነበር። ሙስሊም ሲቀበር ገና መቆፈሪያው መሬት ሳይነካ ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ይለያል ይለን ነበር። ከዚህ አገር መካ በስተሰሜን ነው። ሬሳው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ያደርጋል፤ ስለዚህ መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጋደማል።

ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን የድሮውን የመቃብር ቦታ በሶፍትዌሩ ለካሁ። አንድም ሳይቀር ከምሥራቅ ምዕራብ። ሰባቱን ለካሁ። ማረሻው የሄደበትን አቅጣጫ ይዘው ከሰሜን ደቡብ ተጋድመዋል። አንዳቸውም ቂብላ አያዩም።

ስምንተኛውን ትናንት በስልኬ ካነሣሁት ፎቶ ለካሁ። እሱ ያያል።

ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሰዎች ዓሣ ይገዛሉ፣ ይከራከራሉ፣ ጥሩ ነው። ውሃውን ሳይ ግን ነጥቦቹ ውሃው ላይ ታዩኝ፤ ሰባቱ በመስመር፣ አንዱ ፈንጠር ብሎ። ሌየሩን አጥፍቼው ነው የወጣሁት።

ለብሩክ ስለ አቅጣጫው ነገርኩት። “አቅጣጫው ምን አገባን? ድንጋይ ካለ መቃብር ነው። ለምን ሥራ ታበዣለሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም ብል ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ከሐይቁ በቀር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ሰይድን ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ላይኛው መስመር የሚያልፈው በዚሁ ማሳ መሀል ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

“ሰባቱ ቂብላ አላዩም።”

ማጭዳቸውን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ከት ብለው ሳቁ።

“ታዲያስ! ያልሞተ ሰው ወደ ቂብላ ላስተኛ? አላህን ልዋሽ? እኔ የዋሸሁት ባቡሩን ነው።”

“ባቡሩ እኮ እኔ ነኝ።”

“አንቺንማ ይቅር በይን።” ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። “ስምንተኛውን ግን እኛ አልሠራንም፣ ወላሂ። ሰዉን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ከትናንት ጀምሮ አመሻሽ ላይ ከዐሱር ሶላት ወዲያ በዚያ የሚያልፍ ጠፍቷል። በሐሰት መቃብር ሞት ጠራችሁ እያሉኝ ነው።”

አብረን ወጣን። ብቻዬን ብሆን አልወጣም ነበር።

ክትክታው ሥር አንዲት ሴት ቁጢጥ ብለው ለሶላት በሚታጠቡበት ማንቆርቆሪያ አፈሩ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ቤታቸው ከመንደሩ ዳር ነው። ልጃቸው ሰዓዳ ወደ ሳዑዲ ስትሄድ ጀልባው ባሕር ላይ ተገልብጧል። አብራት የነበረች ልጅ ተርፋ ደውላ ነገረቻቸው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በሌለችበት ተሰግዶላታል። ሬሳ ግን አልመጣም።

“ዘሀራ፣ አንቺ ነሽ?” አሉ ጋሽ ሰይድ።

“ታዲያ ማን ይሁን?” ቀና አላሉም። “ለባቡሩ ስትደረድሩ አየኋችሁ። ላልሞተ ሰው ይህን ያህል ድንጋይ ሲገኝ ለሰዓዳዬ እንዴት ይታጣ?”

“ምን ቀበርሽ?”

“የዒድ ቀሚሷን። ሻርፗን።”

“ልብስ እኮ አይቀበርም፤ ሸሪዓው…” ጀመሩና ተዉት። ጨርሰው ቢናገሩት ምን እንደሚሉ አላውቅም። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ነሽ አሉ ከሰማይ የምታዪው። ባሕሩንስ ያሳይሻል?”

እዚያ ኔትወርክ የለም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው እኔ የምሠራበት መሬት ብቻ ነው፦ ሁለቱ ሐይቆች፣ መንደሩ፣ የተራራው እግር። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ነጭ ነው። ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ቤታቸውን አሳየኋቸው፤ ቆርቆሮውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው መሬቱን አልፎ፣ የካርታውን ጠርዝ አልፎ ሄደና ነጩ ላይ ቆመ።

“እዚህ ጋ ናታ” አሉ።

አይደለችም ማለት አልቻልኩም። ነችም አላልኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ እየነደደ ነው። ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሁሉ ጭስ ይለብሳል፤ ከመስኮቴ ሐይቁ አይታይም። እናቴ በዚህ ቀን “ክፉው ከጭሱ ጋር ይሂድ” ትል ነበር። የሄደ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

ከመላኬ በፊት ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ። ከሰው ሊሰሙት አይገባም።

“ሰባቱን መቃብር ብዬ አልጽፍም።”

“ማሽላዬስ?” አሉ።

“መስመሩ ሊነካው ይችላል። ረግረጉ ላይ ከወረደ ግን የሚበላሸው ውሃችሁ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው።”

“አንቺ ስለ ልጅ ልጅ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ዘንድሮ ነው የምበላ።”

ማሳቸውን ስክሪኑ ላይ አጉልቼ አየሁት።

“ስምንተኛውስ?” አሉ።

“እሱን እጽፈዋለሁ።”

“ሬሳ የለበትም እኮ፣ ልጄ።”

“ቂብላ አይቷል።”

“አብሽሪ” ብለው ስልኩን ዘጉት። ማጽናናት ይሁን ስንብት አልገባኝም።

ሰባቱን ነጥቦች ቀየርኳቸው፦ የድንጋይ ክምር። ስምንተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ሥራዬ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት ነው። ቅጹ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ሁለቱንም እንዳለ ሞላሁ። የተቀበረ አካል፦ የለም። መቃብር፦ አዎ።

ሶፍትዌሩ መስመሩን እንደገና አሰላ። ከረግረጉ ወጣ። ክትክታውን ላለመንካት ትንሽ ወደ ላይ ጎበጠና የጋሽ ሰይድን ማሳ በጥግ በኩል ቆረጠው። መሀሉን አይደለም። ጥጉን ግን ቆረጠው። ይህንንም ጻፍኩ፤ መስመሩ ሳይጸድቅ የባለማሳው ቃል ይሰማ ብዬም ጨመርኩ። ላክሁ። ለጋሽ ሰይድም መልሼ ደውዬ የሚቆረጠው የትኛው ጥግ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ብሩክ ወዲያው ደወለ። “አካል የለም፣ መቃብር አዎ። ምን ማለት ነው?”

“እንደተጻፈው ነው።”

“በምሳ ሰዓት ነው እንዲህ ዓይነት ነገር የምትልኪልኝ” አለና ተነፈሰ። “እናያለን።”

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለመሰናበት ወጣሁ። ጭሱ ጠርቷል፤ የአምባሰል ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ማሳው ዳር ስደርስ ሰባቱ የሉም። ድንጋዮቹ የነበሩበት ሣር ብቻ ገርጥቶ፣ ሰው ተኝቶበት የተነሣ ይመስላል።

ከዚያ ክትክታውን አየሁ። ቅርንጫፉ ተመልምሏል። ትናንት ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ሰይድና የመንደሩ ሰዎች የሰባቱን ድንጋይ ሁሉ ተሸክመው በስምንተኛው ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ማዕዘኑ ደህና ነው።

ጋሽ ሰይድ ከማሽላው ውስጥ ሆነው አዩኝ። የሚቆረጠውን ጥግ ቀድመው እያጨዱ ነው። ለሰላምታ እጃቸውን አነሡ፤ ወደ እኔ ግን አልመጡም። የባቡሯ ልጅም አላሉኝም።

እትዬ ዘሀራ ካቡ ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

“አሁንስ ከሰማይ ይታያል?” አሉኝ።

ምስል የሚመጣው በየጊዜው ነው፤ ደመናም ሊኖር ይችላል። መስመሩም ነገ በሌላ ሰው እጅ ሊቀየር ይችላል። ብሩክ እስካሁን “እናያለን” ከማለት ሌላ ምንም አላለም። ይህን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

“ይታያል” አልኩ።

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። እኔም አየሁ። ምንም አልነበረበትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው።