በቀይ ቀለም ስለ ተጻፈው የወንድሜ ስም

በደባርቅ ለሚገኘው፣ ስሙን ልጠራው ለማልደፍረው ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤

ጓድ ሆይ፣ ጤናዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከእኛ ከዳባቶች እንቅልፍ የተሻለ ይሁን እያልኩ፣ እኔ መምህርት ያለምወርቅ ቢራራ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አቤቱታ ሁሉ አንድ ወጥ ቅርጽ እንዲኖረው ስላወጡት ሰርኩላር እጅግ አመሰግናለሁ፤ እስረኛ የሚፈታው ጥፋቱ ተመርምሮ ሳይሆን የወረቀቱ ኅዳግ ተለክቶ መሆኑን ያወቅነው ከእርስዎ ነውና።

1. ስለ አራት እስረኞች ያቀረብነው የመጀመሪያ አቤቱታ፣ አንዱ ርእስ ተሰምሮበት ሌላው ሳይሰመርበት በመቅረቱ ተመለሰ። እናቴ ታንጉት ወረቀቱን ይዛ ከደባርቅ ዳባት በእግሯ ስትመለስ ልጇ ኪዳነ ማርያም በእናንተው እጅ ነበር፤ መስመሩ ግን ተስተካከለ።

2. ሁለተኛውም ተመለሰ፤ ተራ ቁጥሩ በግእዝ ጀምሮ በፈረንጅ ጨርሷልና። እውነትዎን ነው፣ እንዲህ ያለ ነውር አገር ያፈርሳል።

3. በመጨረሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ብራና ሲጽፉ የኖሩትን መሪጌታ ያርጋልን ለመንናቸው። ኅዳጉም መስመሩም እንከን አልነበረውም። ነገር ግን በጸሐፊዎች ሥርዓት የእመቤታችን ስም በጥቁር አይጻፍምና፣ ከአራቱ ስሞች መካከል በወንድሜ ስም ውስጥ ያለውን «ማርያም» በቀይ ጻፉት። በእናንተ ዘንድ ቀይ የነካው ስም የሞት እርምጃ እንዲወሰድበት የተፈረደበት ሰው ስም መሆኑን ሰርኩላሩ አልነገረንም። ሦስቱ እስረኞች ሊማሊሞ መንገድ ላይ ድንጋይ እንዲፈልጡ ተላኩ። እናቴ ስንቅ ይዛ በሄደች ጊዜ ግን ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ የእርስዎ ልጅ ስሙ ቀልቷል፤ ስንቁን ይዘው ይመለሱ» አላት። ቢያንስ እሱ አፍሯል።

መሪጌታ ከዚያ ወዲህ ቀዩን ብርዕ አላነሡም። በጀመሩት መጽሐፍ የማርያም ስም የሚገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። እናቴም ሬሳ የሌለው ልቅሶ ተቀምጣ፣ ሰው ደጃፉን ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ተናድጃለሁ ጓድ፣ ንዴቴ የሚሰመርበት መስመር ግን በሰርኩላሩ አላገኘሁም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወንድሜን አስከሬን ስጡንና እንቅበረው። ለዚህም የተለየ ቅርጽ ካለ ይላኩልን፤ እንደ ልማዳችን ደጋግመን እንጽፋለን።

ርእሱን አስምሬ፣ ኅዳጉን በአራት ጣት ለክቼ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእሱም ከሚበልጥ ሐዘን ጋር፣

ያለምወርቅ ቢራራ
ዳባት፣ 1970 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ያለፈ ያገደመው እንዲያነበው በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ተለጥፏል። ከላይ ያለውን ስሜን ከመሪጌታ በተዋስኩት ቀይ ቀለም ሙሉውን ጽፌዋለሁ፤ ጸሐፊዎ እንዳይደክሙ።