የጾመ ድጓው ካሜራ

ሰኞ፣ የካቲት 5

ፈቀዱ! የደብሩ አለቃ በመጨረሻ እሺ አሉ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ቀትር የደብሩን ጾመ ድጓ፣ ያንን የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ላነሣ ነው። ብራናው በተገለጠ ቁጥር እየተሰነጠቀ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይቆለፍበታል፤ ደግሞ የሚወጣ አይመስለኝም። የዛሬ ሳምንት ዐቢይ ጾም ሲገባ የአባቴ ተማሪዎች የሚማሩት ከእኔ ፎቶ ነው።

የአለቃው ትእዛዝ፦
መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ አይወጣም።
ፍላሽ አይበራም።
ገጹን ከአባቴ በቀር ማንም አይገልጥም።

ዕቃ ቤቱ ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ እሷም ጭንቅላት አታስገባም። የፎቶ ቤቴ አሮጌ ካሜራ ያለ ፍላሽ ቀንም ዕውር ነው። ስለዚህ እስከ ዓርብ ሌላ ካሜራ መግዛት አለብኝ።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት ጥዬ ንፋስ መውጫ ከተማ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ዛሬ ግን አንድ ነገር አሉኝ፤ "ምልክቱን እንዳታጠፋው።" ከቃሉ በላይ ያሉትን የዜማ ምልክቶች ማለታቸው ነው። ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያዝ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

አላጠፋም። ይህን እንኳ አላጠፋም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ነጋዴው ሞላ ከባሕር ዳር ያመጣቸው ሁለት ካሜራዎች አሉት።

ትንሿ፦ አዲስ፣ አሥራ ስድስት ሜጋ ፒክስል፣ ኪስ የምትገባ።
ትልቁ፦ ያገለገለ፣ አሥር ሜጋ ፒክስል፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ጠርዙ የተላጠ።

"አሥራ ስድስት እያለ አሥር የሚገዛ አለ እንዴ?" አለኝ ሞላ። እውነቱን ነው። ደንበኞቼም ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ "ስንት ሜጋ ነው?" ነው የሚሉኝ። ሜጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም፤ እኔንም ጨምሮ።

የመመሪያውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ሴንሰር ይባላል፤ ሜጋ የሚሉት ሁሉ የሚሰፍረው እሱ ላይ ነው። የትንሿ ሴንሰር የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያህልም። የትልቁ አንድ ቴምብር ይሆናል። ለባለቤቴ ለትርንጎ ነገርኋት። የጉርድ ፎቶ እየቆረጠች ነበር፤ ቀናም አላለች።

"አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ጋቢ ሊያድር ነዋ" አለች።

ሳቅሁ። ግን አላመንኋትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ሞላ ሁለቱንም እስከ ነገ አዋሰኝ። ጠዋት መነኻሪያው በር ላይ ፀሐይ የመታቸውን ሚኒባሶች አነሣሁ። ትንሿ አሸነፈች። ጣሪያ ላይ ያለውን የጭነት ገመድ ቋጠሮ ሳይቀር ታሳያለች።

ከሰዓት በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር፤ አባቴ ቤት። ራሳቸው የገለበጧትን አንዲት ቅጠል ብራና እዚያው ጨለማው ውስጥ በሁለቱም አነሣሁ።

"ወደ ደጅ አውጣው እንጂ፤ እዚህ ምን ይታይሃል?" አሉ።

"ዕቃ ቤቱም እንዲሁ ነው" አልኋቸው። ብራናዋን ተቀብለው ወደ ቦታዋ መለሷት። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ሁለቱንም በጥቁርና ነጭ አሳተምሁ። የትንሿ ፊደል ጉልህ ነው። የትልቁ ለስለስ ይላል። ትርንጎ የትንሿን ወረቀት ብርሃን ላይ ይዛ "ይኼ አቧራ ምንድን ነው?" አለች። የማተሚያው ቀለም ነው አልኋት። ይህችን ሴት መስማት መቼ ነው የምለምደው?

ትልቁን መለስሁ፤ ትንሿን ገዛሁ። ተገላገልሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

አልተገላገልሁም።

ሁለቱንም ወረቀቶች ለማሳየት ጠዋት አባቴ ዘንድ ወጣሁ። ይኄይስ የሚባለው ነባሩ ተማሪያቸው የትንሿን ተቀበለኝና ከፎቶው እያየ ያዜም ጀመር። ድጓውን ጨርሶ የድጓ መምህርነት ወደሚመሰከርበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ሄዶ ሊያስመሰክር ጥቂት የቀረው ሰው ነው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ መቋሚያቸው መሬቱን መታ።

"ቁም። እዚያ ላይ ይዘት የለም።"

ይዘት ነጥብ ናት፤ ድምፁን ያዝ የምትል።

"የኔታ፣ አለ እኮ። ይኸው።"

"የለም አልሁህ! ማነው የጨመረው?"

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ነጥቧ አለች፤ ጥቁር፣ ልክ በቦታዋ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። ኅዳጉ ላይ፣ ምንም ባልተጻፈበት ባዶ ብራና ላይ፣ ሌሎች ደርዘን ነጥቦች። ትንሿ ካሜራ ብርሃን ሲያጥራት ከራሷ ነጥብ ትፈጥራለች። ይኄይስ ያን ተምሮ ቤተ ልሔም መምህራኑ ፊት ሊቆም ነበር። አባቴም የማያውቁትን ዜማ አስተማሩ ሊባል ነበር።

"እኔ ነኝ የጨመርሁት" አልሁ። ካሜራው ነው ማለት እችል ነበር፤ የመረጥሁት ግን እኔ ነኝ።

የትልቁን ወረቀት ሰጠሁት። ይኄይስ ሳይቆም አለፈ። የአባቴ መቋሚያ አልተንቀሳቀሰም።

ቁልቁለቱን እየሮጥሁ ወረድሁ። ሞላ ሱቁን ለምሳ ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ነበር። "ዕድለኛ ነህ፤ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሠርግ አንሺ ዛሬ ሊወስደው ነበር፤ አሥር ሜጋ ብቻ ነው ብሎ ጥሎት ሄደ" አለኝ። ትንሿን ሰጥቼ ትልቁን ወሰድሁ። ያንን ሰው ባገኘው እስመው ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ጨረስን! አባቴ ይገልጣሉ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ አነሣለሁ፣ አለቃው በሩ ላይ ቆመው ፍላሽ እንዳይበራ ይጠብቃሉ። ጉልበቴ ተላጠ። ሦስት ገጽ ተንቀጥቅጦብኝ ደገምሁ። አባቴ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ መጽሐፉን ተሳልመው ለአለቃው ሰጡ፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። አሁን ተሳስቼ እንደሆነ መመለሻ የለም።

እሑድ፣ የካቲት 11

ቅበላ። ትናንት ያሳተምኋቸውን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ይዤ ከትርንጎ ጋር ወጣሁ። እሷ እናቴ ዘንድ ገባች፤ እኔ ተማሪዎቹ መካከል ተቀመጥሁ። ይኄይስ አንዱን ገጽ ዘለቀው። አንድም ጊዜ አልቆመም። ሊያገላብጥ ሲል አባቴ "ይበቃሃል" አሉት።

ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አንተ ቀጥል" አሉ።

እኔን መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ወረቀቱን አነሣሁ። ካዜምሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንደምንም ወጣሁት። ሁለተኛው ላይ አንዲት ነጥብ ጠበቀችኝ። የመጽሐፉ ናት ወይስ የእኔ? መጽሐፉ ተቆልፎበታል፤ ማየት የለም። ፈራሁ። በካሜራው አመንሁና ድምፄን ያዝሁ።

መቋሚያቸውን አየሁት። አልተነሣም።

"ቀጥል" አሉኝ።