ያለ ሰፌድ የተበጠረው ጤፍ

ሚሚ፣
ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ ግቢ። ወለሉን እንዳትጠርጊው፤ እናትሽ ከይፋግ የላኩልሽ ጤፍ ነው።
አልጋሽ ላይ ያለውም እሱው ነው።

ሰለጠንሁ ብዬ ከምሠራበት ጎሚስታ ቤት ትንሹን ኮምፕሬሰር ተውሼ በንፋስ ላበጥርልሽ ነበር። ከኮምፕሬሰሩ የአየር ጋን የሚወጣውን ንፋስ የሚቀንሰው ሬጉሌተር እንደ ውሃ ቧንቧ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የሚዘጋ መሰለኝ። ለካስ ሲያጠብቁት ንፋሱ ይብሳል! ጤፉ ሲበር ደነገጥሁና አሁንም አጠበቅሁት። የጎማ ባለሙያ ነኝ እያልሁ ሰፈሩን ያደነቆርሁት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ማታ መጥቼ እኔው እለቅመዋለሁ። አንቺ ብቻ ትናንት «የባላገር ዕቃ» ብዬ የሳቅሁበትን ሰፌድሽን አውጥተሽ በር ላይ አስቀምጪልኝ።

እኔ እስክመጣም ስቀሽ ጨርሺ።

አሰፋሽ