«ሌሊት ይበላሉ» ስላሉኝ የቀረበ ምስጋና

ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለተከበሩ የክሊኒካችን ዋና ሐኪም፣

ጤናዎ እንደ ምክርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም በበሽተኞችዎ ጥያቄ የማይታወክ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ከሁሉ አስቀድመው እንዲረዱልኝ የምሻው ይህን ነው፤ የስኳር በሽተኛ ነኝ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜአለሁ፣ ክብደቴም ለጥቂት ወራት ሲቀንስ ቆይቶ ቆሟል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ኪኒኔ ለሌላ፣ ለታዛዥ በሽተኛ እንደሚሰጥ አስታውቀውኛል። በከተማችን ሌላ የሚገኝበት ቦታ የለም። ይህን በጋዜጣ የማወጣው፣ በክፍልዎ ለመናገር ሞክሬ «ሚዛን አይዋሽም» በሚል አጭር ትምህርት ስለ ተመለስሁ ነው።

በትምህርቱ እስማማለሁ። ምናልባት ይዋሽ እንደሆነ ብዬ፣ እህል ነጋዴው ጎረቤቴ ሞሐሙድ በጆንያ መመዘኛው እንዲመዝነኝ ለምኜው ነበር። ከማሽላው ጎን ቆሜ ተመዘንሁ፤ ሁለቱ ሚዛኖች ያላንዳች ልዩነት ተስማሙ። የመጨረሻው ተስፋዬም እዚያው ከማሽላው ጋር ጆንያ ውስጥ ቀረ።

አንደኛ፤ ምግብ ቀንስ ሲሉኝ በግማሽ ቀነስሁ፤ ሰውነቴ ቀለለ፣ እርስዎም አመሰገኑኝ። ክብደቴ ሲቆም የግማሹን ግማሽ እንድተው አዘዙ፤ ተውሁ። አሁን ደግሞ ከዚያም ግማሹን ተው ብለውኛል። ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ግማሽን በግማሽ እየከፈሉ ባዶ ላይ እንደማይደረስ ለልጆች አስረድቻለሁ። ነገሩን በሰው ሆድ ላይ ሲሞክሩ ያየሁት ግን እርስዎን ብቻ ስለሆነ፣ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፤ በረመዳን ወር፣ ኪኒኑን እየዋጡ መጾም አደገኛ ነውና በቀን ብላ አሉኝ። ሃይማኖቴም ለበሽተኛ ይህን ስለሚፈቅድ ታዘዝሁ። በእኛ ሰፈር ግን በጾም ወር በቀን መብላት፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ በር ተዘግቶ የሚፈጸም ነገር ነው። ባለቤቴ ዳሃቦ በሩን እየቆለፈች፣ እኔም ጓዳ ገብቼ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ያችን ሩብ ምግቤን ያለ ድምፅ ሳኝክ ከረምሁ። ጎረቤታችን ሻሚስ የሳህን ድምፅ ሰምታ ኖሮ፣ መዓሊም ዘንድሮ የሚጾመው ሌሊት ነው ማለቷ ሰፈሩን አዳረሰ። ሰፈሩ አስተማሪነቴን አክብሮ መዓሊም ይለኛል። ሻሚስም አልተሳሳተችም፤ ከተማው ሲያፈጥር፣ ሳምቡሳውና ተምሩ ከቤት ወደ ቤት ሲላክ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር።

በዚያው ወር ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ቁጥሩ አልነቃነቅ ቢል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ፣ እኒህ ሰውዬ ሌሊት ይበላሉ ብለው ፈረዱ። የጭነት መኪና ነጂው ጃማዕ ከወረፋው መካከል፣ «አቦ ዶክተር፣ በዚህ ወር ሌሊት የማይበላ ሰው ካገኙ እሱን ያስተኙትና ይመርምሩት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ያ የማይበላው ሰው እኔ ስለ ነበርሁ አብሬ መሳቅ አልተመቸኝም። በቀን ለሰፈሩ ጾም ፈቺ፣ በሌሊት ለክሊኒኩ ሌባ ከሆንሁ ወዲህ፣ ያለ ክስ የምጎርስበት ሰዓት አልቀረልኝም።

ሦስተኛ፤ በካርዴ ላይ «ክብደቱ ቆሟል፤ አይታዘዝም» ብለው ጽፈዋል። ከሁለቱ ግሶች የመጀመሪያው ትክክል ነው። ነገር ግን ባቡር ሁርሶ ጣቢያ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነጂው ወርዶ ሞተሩን ያያል እንጂ፣ ነዳጁን ጠጥተሃል ተብሎ ተሳፋሪ አይወርድም። የሽንቴ ምርመራ ከቀድሞው ጡብ መሳይ ቀለም ወደ አረንጓዴ መዞሩን፣ ማለት ስኳሩ መቀነሱን፣ የሚገልጸው ወረቀት በዚያው ቀን ከፊትዎ ነበር፤ አላነሡትም። ሰውነት የሚሰጠው ሲያንስበት፣ ክፉ ዓመት እንደ መጣበት ቤተሰብ እሱም ወጪውን ያሳንስ ይሆን? እንዲህ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ወይ የምግቡን ዓይነት መለወጥ፣ ወይ በዴቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጠዋት ጠዋት የምራመደውን ማስረዘም፣ ወይ የኪኒኑን መጠን ማየት። እኔ አላውቅም። ሐኪም ዘንድ የመጣሁትም ስለማላውቅ ነው። የግራ እግሬ ጣቶች ደንዝዘው፣ ነጠላ ጫማዬ መውለቁን የማውቀው ዞሬ ሳይ ሆኗል።

ምግቤ ሩብ፣ አክብሮቴ ግን ሙሉ የሆነ፣ ሚዛንዎም ምስክሬ የሆነልኝ፣

ጡረተኛ መምህር አብዲራህማን ዲሪር

ማስታወሻ፤ ሌሊት መብላት አለመብላቴን ለማረጋገጥ ከፈለጉ፣ አንድ አልጋ ሰጥተው ያስተኙኝ፤ በዚያ ወረፋ ላይ ትክክለኛውን ትእዛዝ የሰጠው ጃማዕ ብቻ ነበር። ይህ ከከበደዎ ግን ኪኒኑ ይቀጥል እንደሆነ፣ ካልቀጠለም እግሬን በምን እንደማቆየው በአጭሩ ይጻፉልኝ። በእጄ ያለው ኪኒን ከቀጠሮው ቀን አያደርሰኝምና፣ እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።